አላውቀውም ስላልሁት ሰው የተሰጠ ቃል

ባንተአምላክ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እንደ ደንቡ የሥላሴን ስም ከላይ ሊጽፍ ሲል «ቆይ» አልሁት። በዚያ ስም ስንት ነገር እንደ ጀመርሁ እኔ ዐውቃለሁ፤ ስብሰባ ከፍቼበታለሁ፣ ሰው ከስሼበታለሁ፣ በሐሰትም ምዬበታለሁ። ዛሬ እንኳ አፌ ሳይለምደው በራሴ ስም ልጀምር።

እኔ አዛናው ገላው፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ የመተማ ዮሐንስ ከተማ ነዋሪ፣ በሽንፋ በኩል ሰሊጥና ማሽላ የማርስ ገበሬ፣ ዛሬ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በመኖሪያ ቤቴ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ጉበቴ ታሟል፣ ሆዴም ተነፍቷል፤ የጎንደሩ ሐኪም ለልጄ በሹክሹክታ የነገረውን እኔ ከልጄ ፊት ላይ አንብቤዋለሁ። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር የዛሬ ስምንት ዓመት በመስከረም የትኛው ማሳዬ ቀድሞ እንደ ታጨደ ይጠይቀኝ፤ ቀኑን ከነሰዓቱ እነግረዋለሁ። ተናገር ብሎ ያስገደደኝ የለም፤ ዝም በል ያለኝ ነው የበዛው።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። የነፍስ አባቴ ቄስ ባየልኝ፤ የእርሻ ጎረቤቴ ማሩ፤ የዕድራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሊጤን ያጨደልኝ ሙስሊሙ ዓሊ። ባለቤቴ ታንጉትና ልጄ ካሌብም አጠገቤ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው በመተማ ማመልከቻ የሚጽፈው ባንተአምላክ ነው። ልጄ እስከዳር ከገለጉ አልመጣችም፤ «መንገዱ አይመችም» ብላለች። መንገዱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ንብረቴን ላስቀድም፤ እርሱ ይቀላል።

አንደኛ፣ ይህ የምኖርበት ቤት ከነዕቃው የታንጉት ነው። በእኔ ስም ቢጻፍም ያቆመችው እርሷ ናት፤ እኔ በየማኅበሩ ስዞር ጭቃውን ያስመረገች፣ ቆርቆሮውን ያስመታች እርሷ ናት። በሕይወት እስካለች ድረስ ማንም ልጅ «ድርሻዬን» ብሎ በር እንዳያንኳኳባት።

ሁለተኛ፣ በሽንፋ ወንዝ በኩል ያለው የእርሻ ይዞታዬ ለልጄ ለካሌብ ይተላለፍ። ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ሥራውን አልነቅፍም። ከእኔ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አድርገው ሲመርጡት ደረቴን ነፍቼ ነበር። አሁን ግን ልጄን ሳየው ራሴን ነው የማየው። ነጠላውን እንደ እኔ ያጣፋል፤ ሰው ሲያየው እንደ እኔ ዝቅ ብሎ ይሳለማል። ስለዚህ ከመሬቱ ጋር ቀጥሎ የምናገረውን ታሪክ አወርሰዋለሁ፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይችልም።

ሦስተኛ፣ ቀዩ ትራክተር ከነማረሻውና ከነተጎታቹ የእስከዳር ነው። ካሌብ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አየኝ። «ሴት ልጅ ትራክተር ምን ያደርግላታል?» የሚል ቢኖር፣ ትራክተሩ መነሣት የነበረበትን ቀን ከዚህ ቤት ለይታ ያወቀችው እርሷ ብቻ ነበረች ብላችሁ መልሱለት። ምክንያቱን ልናገር ነው የተቀመጥሁት።

ለይኩን የሚባል የዋድላ ሰው ነበር። ሦስት መከር ከደጋ እየወረደ አጨደልኝ። ዕድሜው ሃያ ስድስት ቢሆን ነው፤ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ። ሲጾም ለማንም አይናገርም። ምሳ ሲቀርብ የራሱን ድርሻ አጠገቡ ወዳለው ሰው ገፋ አድርጎ ውኃ ሊቀዳ ይነሣል፤ መጾሙ የሚታወቀው በዚያ ነበር። እኔ ስጾም ግን መተማ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ሰሊጥ ሲደርስ ከታች ጀምሮ አፉን ይከፍታል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ካደረ ፍሬው መሬት ላይ ነው። የመስከረም በዓላት የሚመጡት ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው፤ እኛ ክርስቲያኖች በማርያም ቀን ማጭድ አናነሣም። እኔ ግን መላ አበጀሁለት። ከኮረብታው ጀርባ፣ ከመንገድ የማይታይ ማሳ አለኝ። በበዓል ቀን ዓሊ ሙስሊም አጫጆቹን ይዞ ያንን ያጭድልኛል፤ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ። በዓሉም ተከበረ፣ ሰሊጡም አልረገፈ። እጄ ስላልነካው ኃጢአቱ አይመለከተኝም ብዬ ነበር። እግዚአብሔርን ኮረብታ የሚጋርደው ይመስል!

ይህም አልበቃኝ። በ2008 ዓ.ም. ማሩ በማርያም ቀን የራሱን ትራክተር አስነሥቶ ጭቃ የዋጠውን ተጎታች ስላወጣ፣ በጉባኤ ፊት ከሰስሁት። ድንጋይ ተሸክሞ ከደጀ ሰላሙ እንዲንበረከክ ተፈረደበት። እኔም ብድግ ብዬ «በእኔ ግቢ በማርያም ቀን ሞተር አይነሣም!» ብዬ ተናገርሁ፤ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ማሩ፣ አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ስትንበረከክ ከኮረብታው ጀርባ የእኔ ሰሊጥ እየታጨደ ነበር። ይቅር በለኝ።

ማሩ «እኔስ ረስቼው ነበር፤ ጉልበቴ ነው አልረሳ ያለ» አለ። ባንተአምላክ ሊያልፈው ሲል «ጻፈው» አልሁት።

ወደ ለይኩን ልመለስ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ከማርያም አሥር ቀን አስቀድሞ፣ ዓሊን ነዶ ሲያነሣ እባብ ነደፈው። ለይኩን ከአንገቱ ማተቡን በጥሶ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረለት፤ አዝሎትም እስከ መኪናው መንገድ ወጣ። በዓይኔ አይቻለሁ። ሲመለስ «ማተብህንስ?» አልሁት። «መከሩ ሲያልቅ አባ ሌላ ያስሩልኛል። የሱ እግር ግን እስከዚያ አይቆየኝም» አለኝ፤ ሄዶም ማጨዱን ቀጠለ። ዓሊ ዳነ። ይኸው ከፊቴ ተቀምጧል።

ከሳምንት በኋላ ለይኩንን ወባ ጣለችው። ሦስት ቀን ሠራተኞቹ በሚያድሩበት ካምፕ ተኝቶ ሰነበተ፤ እኔም «ከበዓሉ በኋላ ሐኪም ቤት ይሄዳል» እያልሁ አለፍሁት። በማርያም ዕለት፣ መስከረም 21፣ በጠዋቱ እስከዳር ከካምፑ፣ በመከር ወደማድርበት የእርሻ ቤት እየሮጠች መጣች። ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለሠራተኞቹ ወጥ የምትሠራው እርሷ ናት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። የትራክተሩን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ በእጄ አስጨበጠችኝ።

«አባየ፣ ለይኩን መናገር አቅቶታል። ዓይኑ ዞሯል። ይህን ጭቃ ከትራክተር በቀር የሚያልፈው የለም፤ እኔ እነዳዋለሁ፣ ይፍቀዱልኝ» አለችኝ።

ቁልፉን መልሼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልሁት። «ዛሬ ማርያም ናት፤ እርሷው ትጠብቀዋለች። ነገ በጠዋት ይወሰዳል» አልኋት። ማርያምን ፈርቼ አልነበረም። ወደ ሽንፋ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ ማሩ ቆሞ ያየኛል፣ ሰዉ ይስቅብኛል ብዬ ነው። ሰው ለማዳን የሚነሣ ትራክተር በዓል እንደማይሽር እንኳን እኔ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ያውቃል። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። እስከዳር ከዚያ ቀን ወዲህ አባየ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ ምርቃቴን ሳትጠይቅ አግብታ ገለጉ ገባች።

ዓሊ ወሬውን የሰማው ከኮረብታው ጀርባ የእኔን ሰሊጥ ሲያጭድ ነው። ማጭዱን በትከሻው እንዳንጠለጠለ መጥቶ ለይኩንን በአህያ ጋሪ ጫነው። ጋሪው ሁለት ጊዜ ጭቃ ዋጠው። ለይኩን ሽንፋ ሳይደርስ ሞተ። ዓሊም ቅርብ ወደ ሆነው ቤተ ክርስቲያን መልሶ አመጣው፤ የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ እዚያ ነበርና።

ታቦት ገብቶ፣ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠን ስንበላ ነው ጋሪው ከበሩ የደረሰው። በሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሜም በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል። ዓሊ ከስሜ ሥር ቆሞ «የናንተ ሰው ነው፤ ቅበሩልኝ» አለ። ቄስ ባየልኝ ወጥተው አዩት። «ማተብ የለውም» አሉ።

«ማተቡ እኔ እግር ላይ ነው የቀረው፤ ወላሂ! እባብ ሲነድፈኝ በጥሶ ያሰረልኝ እሱ ነው» አለ ዓሊ።

ከሕዝቡ መካከል አንዱ «እስላም ለክርስቲያን እንዴት ይመሰክራል?» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው ጌታውን ጠይቁት። አዛናው ያውቀዋል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዐውቀዋለሁ ብል፣ ለምን በጋሪ መጣ? ትራክተርህስ? ይህ ሰውዬ በማርያም ቀን ከማን ማሳ ነው ማጭድ ይዞ የመጣው? ይሉኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራሴ ላይ ዞረ። «አላውቀውም» አልሁ። «በመከር ስንት ሰው ይመጣል፤ ስንቱን ዐውቄ!»

ዓሊ «እሺ፣ እናንተ ሰው ስትቀብሩ ፊቱን ወዴት ነው የምታዞሩት?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። እኔ መልሱን ዐውቀው ነበር። ሰዉ ወደ ማዕዱ ተመለሰ፤ እኔም ተመለስሁ። ባፍርበትም ልተወው የማይገባኝ ነገር ይኸውና፦ ጠግቤ በላሁ።

ዓሊ ብቻውን ከወንዙ ዳር፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ቀበረው። የእኛን መቃብሮች ዞሮ አይቶ፣ እንደዚያው አድርጎ እንዳስተኛው የነገረኝ ዘንድሮ ነው።

ይህን ሳስጽፍ ቀና ብዬ «ያን ዕለት ለምን አላጋለጥኸኝም? የበዓል ቀን አጫጄ መሆንህን አንድ ቃል ብትናገር ጉዴ ይፈላ ነበር» አልሁት።

ዓሊ ጣቶቹን አፍታቶ መልሶ አቆላለፋቸው። «ሬሳ ይዤ ምን ልክሰስዎ? እኔን የቸገረኝ መቃብር ነበር። እሱ ካለቀ፣ ኻላስ፣ የኔ ጉዳይ አለቀ» አለ።

የእኔ ግን አላለቀም፤ እንዲያውም ገና መጀመሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አሰበች የምትባል ሴት ቤቴን ጠይቃ መጣች፤ የለይኩን እኅት ናት። «እናታችን መነን እህል አልቀምስ ብላለች፤ ወንድሜ እርስዎ ዘንድ ነበር አሉኝ» አለችኝ። እኔም ሳላመነታ «መከሩን ጨርሶ ሱዳን ተሻገረ፤ ገዳሪፍ ደህና ሥራ አግኝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኋት። ደስ ብሏት እጄን ስማ ሄደች። እናቱም ልጄ በሕይወት አለ ብላ ተቀመጠች። ለቅሶ አልተቀመጠችለት፣ ተስካር አላወጣችለት።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ አሰበች ተመልሳ መጣች። ሰዉ ከገላባት በኩል ፍራሹን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ በድልድዩ ይጎርፍ ነበር። እርሷ ከኬላው አጠገብ በፀሐይ ቆማ፣ የወንድሟን ፎቶግራፍ ለሚያልፈው ሁሉ ታሳያለች። ሁለት ሳምንት ቆመች። እኔ በባጃጅ እያለፍሁ አየኋት። አንድ ቀን ወርጄ «እስኪ አይዞሽ» ብዬ መቶ ብር ሰጠኋት። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ «ወሬው ከደረሰዎት ይደውሉልኝ» አለችኝ። ሰዎች አይተው «አዛናው ምንኛ ርኅሩኅ ነው!» አሉ። እኔም ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። በውሸቴ ሱዳን ያስቀመጥሁትን ልጇን እናቲቱ በጦርነት ስታጣው፣ እኔ በመቶ ብር ርኅሩኅ ተባልሁ።

አምና ሕመሙ ሲጠናብኝ ለቄስ ባየልኝ ሁሉንም ተናዘዝሁ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድሁ፤ ጾምም ጨመሩብኝ፣ ጾምሁ። ዛሬ ይህን ሳስጽፍ ቄስ ባየልኝ «ልጄ፣ ይህ በንስሓ ያለቀ ነገር ነው፤ በወረቀት ምን አመጣው?» አሉኝ።

«ለእኔ አልቆ ይሆናል አባ፤ ለመነን አላለቀም» አልኋቸው።

ስለዚህ አራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በስተምሥራቅ ለእኔ ተብሎ በሲሚንቶ የተሠራው መቃብር የለይኩን ነው። ዐፅሙ ከወንዙ ዳር በክብር ተነሥቶ፣ ፍትሐቱ ተደርሶለት በዚያ ይረፍ። በመጋዘኔ ስምንት ዓመት የተቀመጠው ሻንጣው፣ እናቱ የፈተለችለት ጋቢ እንዳለበት፣ ያልተከፈለውም ድካሙ፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ማሳ የዘንድሮ ምርትም ለእናቱ ለወይዘሮ መነን ይድረስ። እውነቱም ከእኔ ሞት በኋላ ሰው ተልኮ ይነገራት።

እዚህ ላይ ካሌብ ተነሣ።

«አባየ፣ ይህችን እንኳ ይተዉልኝ። ሻንጣውም ይሂድ፣ ሰሊጡም ይሂድ። መቃብሩን ለምን እንደ ሰጠነው ሲጠይቁኝ ምን ልል ነው? ነገ እዚያ ጉባኤ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ያን ቀን ቁልፉን በእጄ ይዤ እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል» አልሁት። ተቀመጠ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ይህን የተማረው ከእኔ ነው።

አምስተኛ፣ እኔን በወንዙ ዳር ቅበሩኝ፣ ለይኩን በተነሣበት ጉድጓድ፣ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ከበሮ ብዬ ማስጻፍ ጀመርሁ። ቄስ ባየልኝ «ሥርዓት አይደለም» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እስካሁን አንዲት ቃል ያልወጣት ታንጉት ቀደመቻቸው።

«ይህም እንዲወራልዎ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አዛናው ራሱን አዋርዶ በወንዝ ዳር ተቀበረ፣ እንዴት ያለ ንስሓ ነው! እንዲባልልዎ ነው። አርባ ዓመት ዐውቅዎታለሁ። ደግሞስ ለምን ከሞቱ በኋላ? አፍዎ ይናገራል፣ እጅዎ ይንቀሳቀሳል። እውነቱን ለዚያች እናት ለመንገር የግድ መሞት አለብዎት? የአሰበች ቁጥር ከኮትዎ ኪስ ነው። ኮቱን ሳጥብ ሦስት ጊዜ አውጥቼ መልሼዋለሁ። እስኪ ዛሬ ይደውሉ።»

የማስጽፈው ኑዛዜ ራሱ መሸሸጊያዬ እንደ ነበረ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሞቼ እውነተኛ ልባል ፈልጌ ነበር፤ በሕይወት ሳለሁ ያቺን ሴት ላለመስማት። አምስተኛውን «ሰርዘው» አልሁ። የትም ይቅበሩኝ። ስልኩንም አምጡልኝ አልሁ።

ታንጉት ቁጥሩን መትታ፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ከፊቴ አስቀመጠችው። የተባለውን ባንተአምላክ እንደ ሰማው ይጻፈው።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

«አሰበች ነሽ? አዛናው ነኝ፣ ከመተማ።»

«ውይ! የመተማው ጋሼ! ደህና ሰነበቱልኝ? ምነው፣ ወንድሜ ተገኘ?»

እንዲህ ትለኛለች ብዬ አልጠበቅሁም። ታንጉት ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።

«ለይኩን ሱዳን አልተሻገረም» አልኋት። «በ2009 ዓ.ም. መስከረም 21 ቀን እዚህ በሽንፋ መንገድ ላይ ሞቷል። በወባ ነው፤ በእኔ ስንፍና ነው። ያን ጊዜም ዐውቅ ነበር፤ በኬላውም ቆመሽ ሳይሽ ዐውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ዋሸሁሽ።»

ከወዲያ የከብት ድምፅ ይሰማ ነበር።

«አሰበች፣ እናትሽን አቅርቢልኝ። ለእርሷም በራሴ አፍ ልንገራት።»

«እናቴማ በጥር ዐረፈች» አለች። «አርባዋም ገና ነው።»

እርሷው ቀጠለች።

«እርስዎ መቶ ብር ሰጥተውኝ አልነበረም? ያን ብነግራት፣ እናቴ ‹ልጄ በወጣበት አገርም የሚያስብልኝ ሰው አለ› ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከለይኩን ስም ቀጥላ የምትጠራው እርስዎን ነበር። ‹የመተማውን ደግ ሰው ጠብቅልኝ› ትላለች። ሳትተወው ነው የሞተች።»

«ይቅር በይኝ» አልኋት።

«እኔ የራሴን ይቅር ልበል፤ የሷን ምን ብዬ ልልልዎ?» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመረችው። እያለቀሰች «የተቀበረበትን የሚያሳየኝ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ዓሊ ስልኩን ወሰደው። «እኔ አለሁ እኅቴ፤ የቀበርሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ሲመችሽ ነይ፤ ወስጄ አሳይሻለሁ» አላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ውጭ ወጥቶ ነው የተነጋገረው።

ባንተአምላክ ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝና «ጋሼ፣ በአራተኛው ላይ ያለው የወይዘሮ መነን ስም ይሰረዝ? ለሞተ ሰው ውርስ አይተላለፍም» አለኝ። አሰበችን ጨምርበት፣ ውርሱንም እርሷ ትውሰድ፤ የእናቷን ስም ግን እንዳለ ተወው አልሁት። የሚያነበው ሁሉ ለማን ብዬ እንደ ነበረና እንደ ዘገየሁ ይወቀው። የአንድ ወር ነገር ነው! በጥር መጀመሪያ ይህ ስልክ እዚሁ ነበር፤ ቁጥሩም ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እኔም ከዛሬ የተሻለ መናገር እችል ነበር።

ልጆቼ፣ ምክር እንድሰጣችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ብዙ የለኝም። ጹሙ፣ አስቀድሱ፣ ማተባችሁንም እሰሩ፤ እኔን ያጠፋኝ እርሱ አይደለም። ያጠፋኝ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሲጠይቀኝ ወደ ሕዝቡ ፊት ማየቴ ነው። እስከዳር፣ ይህ ሲነበብልሽ ባትመጪም አልቀየምሽም። ቁልፉን በእጄ ያስጨበጥሽኝ ጊዜ ልክ ነበርሽ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ልነግርሽ አፍሬ ነው የቆየሁት።

የመጨረሻው ይህ ነው። ስቀበር ስለ ደግነቴ የሚናገር ሰው እንዳይቆም። ደግ ሰው ብላ በየማታው የጠራችኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እርሷም ሳታውቀኝ ሞተች።

ይህ ቃል ከላይ በተጻፈው ቀን፣ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነቧል። ተናዛዡም «ቃሌ ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም» ብለዋል። የተሰረዘው አምስተኛው አንቀጽ በራሳቸው ፈቃድ መሰረዙን ሁሉም አይተዋል። ወዲያውኑ እንደሚከተለው ተፈርሟል።

ተናዛዥ፦ አዛናው ገላው። ከፊርማቸው ሌላ የጣት አሻራ አኑረዋል።

ምስክሮች፦

ማሩ፤ ፈርሟል።

የዓለምወርቅ፤ ፈርመዋል።

ዓሊ፤ ስሙን በዐረብኛ ፊደል ጽፎ ፈርሟል።

ጸሐፊ፦ ባንተአምላክ፤ እንደ ተነገረኝ ጽፌአለሁ።

አራተኛው ምስክር ቄስ ባየልኝ ብዕሩን መጨረሻ ላይ ተቀበሉ። ከዚያም ከፊርማቸው በላይ በገዛ እጃቸው ይህን ጨመሩ፦ «በዚያ ቀን በበሩ ላይ ፊቱን ትቼ አንገቱን ያየሁት እኔ ነኝ።»